ኢትዮጵያዊ ነህ? ታዲያ ለምን ትዘገያለህ?

አሜሪካ ውስጥ ሀበሻ ሆኖ ቀርፋፋ ሯጭ መሆን ጣጣ አለው። መነሻው ላይ ቆመህ "ከየት ነህ?" ይሉሃል። "ከኢትዮጵያ" ስትል ፈገግ ብለው መንገድ ይለቁልሃል። ማይል ሳትሞላ እነዚያው ሰዎች "አይዞህ" እያሉህ ያልፉሃል። እኔ ለምጄዋለሁ። እናቴ ግን እስካሁን አልተዋጠላትም። በደወልኩ ቁጥር "ደግሞ ማን አባሮህ ነው የምትሮጠው?" ትለኛለች።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ ፓርኪንግ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ መዋል። ሩጫ የጀመርኩት ሐኪሜ ደም ግፊቴን አይቶ ስላስፈራራኝ ነው። ከዚያ ሱስ ሆነብኝ። የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ወደ ማውንት ቨርነን የሚወርደው መንገድ በሰፈሬ ስለሚያልፍ ሰበብም የለኝም።

ሲደላኝ ከተረከዝ በላይ ያለው የአኪለስ ጅማቴ ታመመ። ይህ ህመም ተንኮለኛ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ግድግዳ ያስይዝሃል። ሰውነትህ ሲሟሟቅ ለቀቅ ያደርግህና "ድኛለሁ" ብለህ ትሮጣለህ። በማግስቱ ዋጋህን ይሰጥሃል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እንዳስረዳችኝ፣ ጅማት ብዙ ደም ስለማያገኝ ቶሎ አይድንም። ተኝተህ ብትከርምም አይጠነክርም። መላው ቀስ በቀስ ሸክም ማለማመድ ነው። የደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶችህ ትቆማለህ። በሁለቱም እግር ከፍ ትላለህ። ከዚያ በታመመው ብቻ ተረከዝህን ከጠርዙ በታች ቀስ እያልክ ታወርዳለህ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ኢንሹራንስ ቢኖርም ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ከኪስ የሚወጣ ስላለ፣ አብዛኛውን ፓርኪንጉ ደረጃ ላይ ነው የጨረስኩት። አንድ ባልደረባዬ ግድግዳ ተደግፌ ከፍ ዝቅ ስል አይቶ "ስግደት ጀመርክ እንዴ?" አለኝ።

ሲሻለኝ የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ በሚያዘጋጁት ማሪን ኮር ማራቶን ተመዘገብኩ። እዚያ ውድድር 20ኛው ማይል ላይ ድልድይ አለ። በሰዓቱ ካልደረስክ መንገዱ ለመኪና ይከፈትና አንተ አውቶቡስ ትሳፈራለህ። ባቴ ተኮማትሮ እያነከስኩ ስደርስ ሰዓቱ አልፏል። ተሳፈርኩ። ሁሉም ብርማ ፎይል የመሰለች የብርድ መከናነቢያውን ለብሶ መስኮት መስኮቱን ያያል። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ብስኩት እያካፈሉኝ "ከየት ነህ?" አሉኝ። ሌላ አገር ልጠራ ዳድቶኝ ነበር።

ሰው ሊያጽናናኝ ሲፈልግ ቀነኒሳን ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 አምስተርዳም ላይ ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው አቋርጦ የወጣው ሰውዬ በዓመቱ በርሊንን በ2:01:41 አሸንፏል። ለወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰከንድ ነው የቀረው። በ41 ዓመቱም ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጥቷል። ይገርመኛል፣ እኮራበታለሁም። ግን ቀነኒሳ ሰኞ ጠዋት ፓርኪንግ አይገባም። ለእንደኔ ዓይነቱ የሚሠራው ክላክስ ነው። ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጓደኛዬ ሕንፃዬ ሥር መኪናውን አቁሞ ክላክሱን ይለቀዋል። ጎረቤት ሳይሰበሰብ ቶሎ እወርዳለሁ። ሞራል የሚሉት ነገር እስኪመጣ ብጠብቅ ይኸኔም ተኝቻለሁ። እግሬን ባመመኝ ጊዜም መቅረት አልፈቀደልኝም። ብስክሌት አስይዞኝ እሱና ጓደኞቻችን ሲሮጡ ውሃ አቀብል ነበር።

አሁን አራት ደቂቃ ሮጬ አንድ ደቂቃ እራመዳለሁ። ያንን ድልድይ ለማለፍ አንድ ማይል በ14 ደቂቃ መሄድ ይበቃል፤ እግሬ ካላመፀ አያቅተኝም። ዘንድሮም ተመዝግቤያለሁ። የቀረው ውድድሩ ያለበትን እሁድ ማስፈቀድ ነበር። አለቃዬ ሀበሻ ነው። "የሽልማቱን ግማሽ ካካፈልከኝ ሂድ" አለኝ። ማሪን ኮር አንደኛ ለወጣም ገንዘብ እንደማይሰጥ አልነገርኩትም።