ጭስ የመሰለው ደመናዬ

በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው የበረራ ሲሙሌተር (በረራን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ትንሽ ነው፤ አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥታ እንጦጦን ዞራ ትመለሳለች። ተራራው፣ ማኮብኮቢያውና መሪው በአራት ወር አለቁ። ደመናው ብቻውን ሰባት ወር በላ።

መጀመሪያ የደመና ፎቶግራፎችን ሁልጊዜ ወደ ካሜራው በሚዞሩ ሰሌዳዎች ላይ ለጠፍኩ። ከሩቅ ያምራሉ፤ ሲቀርቧቸው ግን አብረው ይዞራሉ፣ ሲገቡባቸው እንደ ወረቀት ይሰነጠቃሉ። ተውኳቸው።

ቀጥሎ ለደመናው እውነተኛ ውስጥ ሰጠሁት። ከእያንዳንዱ ፒክሰል፣ ማለትም ከእያንዳንዷ የስክሪን ነጥብ፣ አንድ የስሌት ጨረር ይወጣና በየእርምጃው «እዚህ ምን ያህል ደመና አለ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚሰጡት ፐርሊን ኖይዝና ዎርሊ ኖይዝ የሚባሉት የዘፈቀደ ንድፎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ብትንትኑን፣ ሁለተኛው የአበባ ጎመን የመሰለውን እብጠት ያመጣል። ቅርጹ ደስ አለኝና ጡረታ የወጡትን አብራሪ ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ልጄ፣ ምን እየተቃጠለ ነው?» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ብርሃን ደመና ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው መቶ ሜትር ግማሹን ካስቀረ፣ ሁለተኛው የተረፈውን ግማሽ ያስቀራል፤ እኔም ይህንኑ የቢር ሕግ በትክክል አስልቼ ነበር። የዘነጋሁት ግን የውሃ ጠብታ እንደ ጥላሸት ብርሃንን እንደማይውጥ ነው። ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው እያነጠረ ያሳልፈዋል፤ ደመና ነጭ የሆነውም ለዚህ ነው። ንጥረቱን ሁሉ መከተል ስለማይቻል ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ በየዙሩ ደመናውን ይበልጥ ስስ አድርጌ ውጤቱን ደመርኩ። ማታለል ነው፤ ከሰሉ ግን ጠፋ።

ጋሼ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ «ታዲያ ሥሩ የታለ? ከታች በቢላዋ እንደ ተቆረጠ መሆን አለበት» አሉኝ። የክምር ደመና ሥር ጠፍጣፋ የሚሆነው ወደ ላይ የሚወጣው አየር አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ እርጥበቱ ወደ ጠብታ ስለሚቀየር ነው። ከፍታውን ለመገመት የአየሩን ሙቀትና የጤዛ ነጥቡን (አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጠብታ መሆን የሚጀምርበትን ሙቀት) ልዩነት በ125 ሜትር ማባዛት ይበቃል። 18 እና 12 ዲግሪ ብዬ ባስገባ 750 ሜትር ወጣ፤ በቦሌ ከፍታ ላይ ሲደመር የእንጦጦ ጫፍ ደመና ውስጥ ገባ። የክረምት ጠዋት በመስኮቴ የማየው ይኸው ነው።

የቀረው ፍጥነት ነበር። በአንድ ጨረር 64 እርምጃ፣ ከየእርምጃው ደግሞ የሚደርሰውን ብርሃን ለማስላት ወደ ፀሐይ 6 ሲሆን፣ በ1920 በ1080 ስክሪን ለአንድ ምስል ወደ 930 ሚሊዮን ጥያቄ ይሆናል። በሰከንድ 60 ምስል ለማሳየት ለሁሉም ነገር ያለኝ ጊዜ 17 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በአንድ ምስል ከ16 ፒክሰሎች አንዱን ብቻ አስልቼ የቀሩትን ካለፉት ምስሎች መዋስ ጀመርኩ። ብድሩ ጣጣ አመጣ፤ አውሮፕላኗ ስትታጠፍ ክንፉ በደመናው ላይ የራሱን ቅርጽ ትቶ ያልፍ ነበር፣ ከክንፉ ጀርባ የሚዋስ ደመና ስላልነበረ። ሁለት ሳምንት ስህተቱን ደመናው ውስጥ ስፈልግ ቆየሁ። መፍትሔው ቀደም ሲል በክንፉ ተሸፍነው የነበሩትን ፒክሰሎች ለይቶ እንደ አዲስ ማስላት ብቻ ነበር።

አሁን ደመናው 4 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። ጋሼ ባለፈው እሑድ መሪውን ይዘው ገቡበትና ፊታቸውን አጨማደዱ። «እዚህ ውስጥ ስትገባኮ መንቀጥቀጥ አለባት» አሉ።