ሲዲ ቀያሪ ነበርኩ

አሜሪካ ስትመጣ የመጀመሪያ ስራህ ምን ነበር ሲሉኝ ፓርኪንግ ነው የምለው፣ ውሸትም አይደለም፣ ቀን ቀን ፓርኪንግ ነበርኩ። ማታ ማታ ግን አርሊንግተን ቨርጂኒያ አንድ ቤዝመንት ውስጥ ቁጭ ብዬ ፋይል ለጠየቀ ሰው ፋይል ፈልጌ እሰጥ ነበር፣ ይሄን ደግሞ ለሰው ማስረዳት ስለሚያደክም ሳላወራው ኖርኩ። ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ልጻፈው።

በፈረንጆቹ 1993 መጨረሻ አካባቢ ነው። የተከራየሁባቸው ፈረንጅ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ቢቢኤስ ነበራቸው። ቢቢኤስ ማለት ላልደረሰበት ሰው፣ ኮምፒውተር በሞደም ከስልክ መስመር ጋር ይያያዝና ቁጭ ይላል፣ ሰው ከቤቱ በራሱ ሞደም ይደውልለታል፣ ይገባል፣ መልእክት ያነባል ይጽፋል፣ ፋይል ያወርዳል፣ ይወጣል፣ በቃ። አንድ መስመር ካለህ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው፣ ሌላው ቢዚ እየሰማ ይደጋግማል። የኛ ሁለት መስመር ስለነበረው ሽማግሌው ይኮሩበታል። የመጀመሪያውን ቢቢኤስ ቺካጎ ውስጥ ዋርድ ክሪስቴንሰንና ራንዲ ሱስ የሚባሉ ሰዎች በ1978 በረዶ ከቤት አላስወጣ ሲላቸው ነው የጀመሩት፣ ይሄን ታሪክ በረዶ በጣለ ቁጥር ይነግሩኛል፣ ያን ዊንተር ደግሞ በረዶው አላቆም ብሎ ነበር፣ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ወገባቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ መውረድ ከበዳቸው፣ እኔ እዛው ቤዝመንት ነው የምተኛው፣ ስለዚህ ማሽኑን እንድይዝላቸው ከኪራዬ ላይ 50 ዶላር ቀነሱልኝ።

ስራው ምን መሰላችሁ፣ ሃርድ ዲስኩ 200 ሜጋ ገደማ ነው፣ አንድ ሲዲ ግን እስከ 650 ሜጋ ይይዛል፣ እሳቸው ደግሞ በሼርዌር፣ ማለት በነጻ ሞክረህ ከወደድከው በምትከፍልበት ፕሮግራም፣ የተሞሉ ሰባት ሲዲዎች አሏቸው፣ ሲምቴል ምናምን የሚባሉ፣ ሲዲ ማንበቢያው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ደዋዩ ዝርዝሩ ላይ የሁሉንም ስም ያያል፣ ማንበቢያው ውስጥ የሌለውን ሲጠይቅ ኦፍላይን ይለዋል፣ ልጠይቅልህ ወይ ይለዋል፣ አዎ ካለ ጥያቄው እኔ ጋ ይመጣል። ከፓርኪንግ ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ ዝርዝሩን አያለሁ፣ ሲዲ ሶስትን አስገባለሁ፣ የተጠየቁትን ወደ ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ፣ ሲዲ አምስትን አስገባለሁ፣ እንደገና። ከሳምንት በኋላ ቦታ ስለሚያልቅ እሰርዛለሁ፣ ልክ በሰረዝኩ ማግስት ያው ሰውዬ ድጋሚ ይጠይቃል። አንድ ሰው አንድ የመኪና ጥገና መመዝገቢያ ፕሮግራም አራት ጊዜ አስገልብጦኝ አንድም ቀን አላወረደውም፣ ዛሬም ያናድደኛል።

አውርዶ የሚጠፋም አለ። እኛ ጋ ህጉ አስር ካወረድክ አንድ አስገባ የሚል ነው፣ እና ሰው ይቺን አንድ ለመሙላት የማያመጣው ጉድ የለም፣ የራሳችንን ፋይል ስሙን ቀይሮ መልሶ የሚያስገባልን ሁሉ ነበር። የገባውን በሙሉ ዚፑ (የታመቀው ፋይል) ጤነኛ መሆኑን አያለሁ፣ ቫይረስ እንዳይኖርበት ማካፊ በሚባል ፕሮግራም አስፈትሻለሁ፣ መግለጫ ከሌለው መግለጫ እጽፍለታለሁ፣ በየመስመሩ 45 ፊደል፣ ቢበዛ አስር መስመር። እንግሊዝኛዬን ያሻሻለው እሱ ነው፣ ፓርኪንጉ አይደለም።

ከሁሉም የማልረሳው ዱምን የጠየቀውን ልጅ ነው። ጌሙ ዲሴምበር 1993 እንደወጣ ግማሹ ጥያቄ ዱም ዱም ሆነ፣ አስገባነው፣ ከ2 ሜጋ በላይ ነው። ፍጥነቱ 14400 የሆነ ሞደም ያለው ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል፣ የዚህ ልጅ ግን 2400 ነው፣ በሴኮንድ ቢበዛ 240 ፊደል፣ አንድ ሰው ደግሞ በቀን የሚፈቀድለት 60 ደቂቃ ነው። ስሌቱ ሶስት ቀን ገደማ ይመጣል። እኛ ስክሪን ላይ ቁጥሩ ሲቆጥር አያለሁ፣ በሁለተኛው ቀን ቤታቸው ያለ ሰው፣ እናቱ ይመስለኛል፣ ስልኩን አነሳችው፣ ስክሪኑ ላይ ዝብርቅርቅ ፊደል ብልጭ ብልጭ አለና ኖ ካሪየር፣ መስመሩ ተቋረጠ ማለት ነው። ደግነቱ ፋይሉን የምናስተላልፍበት ዘዴ፣ ዚሞደም፣ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። ደውሎ ገባ፣ ያለችው 11 ደቂቃ ናት። ጨምርልኝ ብሎ ጻፈልኝ። ቁልፉ በእጄ ነው፣ አንድ ሰዓት ልጨምርለት እችል ነበር፣ ግን ያኔ ህግ አክባሪ መሆን ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ፣ ነገ ና አልኩት። ስንት ሰዓት ቆሜ ለሰው መኪና ሳመጣ ውዬ ማታ አንድ ሰው ነገ ና ማለት እንዴት ደስ እንደሚል ካልቀመሳችሁት አታውቁትም። በአራተኛው ቀን ጨረሰ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ጻፈ፣ አፈርኩ።

ሌሊት ደግሞ ሰው ሳይሆን ማሽን ነው የሚጠይቀው። ሽማግሌው ፊዶኔት ውስጥ አባል ነበሩ፣ ቶም ጄኒንግስ የሚባል ሰው በ1984 የጀመረው፣ ቢቢኤሶች በሌሊት እርስ በርስ እየተደዋወሉ ፖስታ የሚለዋወጡበት። ስልኩን መጀመሪያ የሚያነሳው ፍሮንትዶር የሚባል ፕሮግራም ነው፣ ደዋዩ ሰው ከሆነ ኢስኬፕ ሁለቴ መትቶ ያልፋል፣ ማሽን ከሆነ የሚፈልጋቸውን ፋይሎች ስም የያዘች ሚጢጢ ዝርዝር ይሰጣል፣ የኛው ይልክለታል፣ ይዘጋሉ። ይሄን ፋይል መጠየቅ ፍሬክ ነው የሚሉት። የኔ ድርሻ ለማን ስንት ሜጋ እንደሚፈቀድ መወሰንና ጠዋት ሎጉን ማየት ብቻ ነው። አንዲት ሰዓት ግን ክልክል ናት፣ ለሰሜን አሜሪካ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) 9:00 ላይ የምትጀምረው ሰዓት ለፖስታ ብቻ ነች፣ ፋይል የሚባል የለም። በዊንተር በነሱ ከሌሊቱ 4 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር 10 ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ቀትር ላይ። ሞደሙ ሲጮህ እነቃና ይሄኔ እቤት ምሳ እየቀረበ ነው እያልኩ እጋደማለሁ። በኋላ እንዳወቅኩት በዛው ዘመን አዲስ አበባ ኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍልም በዚሁ በፊዶኔት ነበር ኢሜይል የሚያመላልሰው፣ ያኔ ባውቅ ኖሮ እንቅልፍም አልተኛ።

አሁን ወደ ዋናው። 1994 ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፣ የኢትዮጵያ ፊደል የሚጽፍ ፕሮግራም ለዶስ፣ ያኔ ኮምፒውተሮቻችን ለሚሰሩበት ሲስተም፣ ይገኛል ወይ ይላል። የጠያቂው ስም ጦሳ። እንግዲህ ጦሳ የሚል ስም ፈረንጅ ከየት ያመጣል። ደሴ ተራራው ስር ያደገ ሰው ነው እንጂ።

ሲዲዎቹ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ሰባቱንም ፈተሽኩ። እኔ ራሴ ግን ከአንድ ጓደኛዬ የገለበጥኩት አንድ ፍሎፒ ነበረኝ፣ የሚሸጥ ፕሮግራም ነው፣ ሽማግሌው የሚሸጥ ነገር ማሽናቸው ላይ ካዩ ከነሻንጣዬ ነው የሚያስወጡኝ (የኔ መገልበጥ ልክ ነበር አላልኩም)። የኛ ፊደል ደግሞ ለነዛ ማሽኖች ፈተና ነው፣ 33 ሲባዛ በ7 ብቻ 231 ይሆናል፣ ዲቃላዎቹ ቁጥሮቹ ሲጨመሩ የእንግሊዝኛው ሲጨመር ማሽኑ ለፊደል የሚሰጣት 256 ቦታ አትበቃም፣ ሁሉም በየራሱ ዘዴ ስለሚያጨናንቀው በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ጥንቆላ ይመስላል። ለሁሉም ማሽን አንድ ወጥ የፊደል ኮድ የሆነው ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው በ1999 ነው።

ጦሳ ሲገባ ጠብቄ የቻት ቁልፉን ተጫንኩና በላቲን ፊደል “ሀበሻ ነህ እንዴ?” አልኩ። ትንሽ ቆየና “ነሽ በል” አለኝ።

ደሴ ላለችው እናቷ ደብዳቤ ልትጽፍበት ነው። የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ጽሁፍሽ አይነበብም ብሎ እምቢ አላት አለችኝ፣ እየሳቅኩ ስንት ደቂቃዋን በላሁባት። ቅዳሜ አዳምስ ሞርጋን 18ኛ ስትሪት አንድ ምግብ ቤት ተቀጣጠርን፣ ፍሎፒውን ሰጠኋት፣ ጥብስ እሷ ከፈለች። እሁድ ደወለች፣ ፍሎፒው አያነብም፣ አቦርት ሪትራይ ፌይል ይለኛል አለች። ሪትራይ በይ አልኳት። ሃያ ጊዜ ብያለሁ አለች። በሁለት ፍሎፒ ገልብጬ ድጋሚ ወሰድኩላት።

ጥያቄዋን ከዝርዝሩ ላይ ማውጣት ነበረብኝ፣ አላወጣሁትም፣ ፊት ለፊቱ አልተገኘም እንዳለ ተውኩት። ሽማግሌው አንድ ሁለቴ ይሄ ነገር እስካሁን አልተገኘም ወይ አሉኝ፣ እየፈለግኩ ነው አልኳቸው። ከስሩ አንድ ሰው እኔም ብሎ ጻፈበት። ከወር በኋላ ሌላ እኔም መጣ፣ ስሙ ቡሄ ይላል። የቻት ቁልፉን ተጫንኩና “ነህ ወይስ ነሽ?” ብዬ ጀመርኩ።