ሳይወለዱ የተከተቡ ሕፃናት

«መዝገብ ቁጥር 84 ላይ ያለችው ሕፃን ከመወለዷ በፊት እንዴት ተከተበች?»

ለጆርናል የላክነውን ጥናት ያነበበው ገምጋሚ የመጀመሪያ ጥያቄ ይቺ ነበረች። ኢሜይሉን የከፈትኩት ማታ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፋይሌን ከፍቼ ሳየው እውነቱን ነው። ልጅቷ ጥር 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ተወለደች ይላል። ፔንታ የሚባለውን አምስት በሽታ የሚከላከል ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደችው ደግሞ ኅዳር 17 ቀን 2011።

ጥናታችን ሕፃናት ክትባታቸውን በወቅቱ ይወስዳሉ ወይ የሚል ነው። የመጀመሪያው ፔንታ የሚሰጠው ልጅ በተወለደ በ6 ሳምንቱ ነው። ቀኑ ከተበላሸ ጥናቱ ተበላሸ ማለት ነው።

እውነት ለመናገር ዳታውን የላክነው ጆርናሉ ስላስገደደን ነበር። ቤት ለቤት ዞረን፣ ፀሐይና ጭቃ ችለን የሰበሰብነውን ለማናውቀው ሰው ማስረከብ ከበደኝ። ቡድናችን ውስጥም «ይወስዱብናል» የሚል ስጋት ነበር። ያንን ስጋት አልንቀውም። ግን ያ ሰው ፋይሉን ባያገኝ ኖሮ ጥፋቱ ታትሞ ይቀር ነበር።

ችግሩ የት እንደሆነ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ወደ ወረቀቱ ሄድኩ። ካርቶን ውስጥ የተደረደሩትን ቅጾች አገላብጬ 84ን አወጣሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ጥርት ባለ ጽሑፍ፣ የትውልድ ቀን 5/2/2011 ይላል። ጥቅምት 5 ማለት ነው። መረጃ ሰብሳቢዋ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋነው እኔና ኤክሴል ነን። ላፕቶፔ ላይ ያለው ኤክሴል በአሜሪካ አቆጣጠር ወርን የሚያስቀድም ነው። 5/2ን በአምስተኛው ወር ሁለተኛው ቀን አድርጎ ተቀበለው። 17/3ን ግን 17ኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው። እኔ በኋላ ሁሉንም በአንድ ላይ ስለውጥ የመጀመሪያው ጥር 2 ሆነ፣ ሁለተኛው ኅዳር 17 እንደሆነ ቀረ።

ጥቅምት 5 ላይ 42 ቀን ደምሩ። ኅዳር 17 ይመጣል። እናትየዋ ልጇን አንድ ቀን ሳታዛንፍ ነው ያስከተበችው። እኛ ግን መረጃዋን አበላሽተንባት ነበር። ይሄ እስካሁን ያመኛል።

ጳጉሜን ደግሞ የባሰ ነው። 3/13/2010 ብሎ የተጻፈውን የጳጉሜን 3 ልደት ኤክሴል «ማርች 13» ብሎ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ይቀበላል። ቀኖቹን በሚለውጠው ኮዳችን ሲያልፍ የሦስተኛው ወር 13ኛ ቀን፣ ኅዳር 13 ሆኖ ይወጣል። ልጁ ዘጠኝ ወር ያረጃል።

ሁሉንም ቅጽ ከወረቀቱ እንደገና አስገባን። አሁን ቀን፣ ወርና ዓመት ለየብቻቸው ሦስት ዓምድ አላቸው። ለኤዲተሩ የሆነውን ሁሉ ጻፍን፣ ምንም አልደበቅንም። ዘግይተው ተከተቡ ካልናቸው ብዙዎቹ በወቅታቸው የተከተቡ ሆነው ተገኙ። የፔፐሩ ርዕስ ሳይቀር ተቀየረ።

ከዚህ በኋላ ዳታው ለማንም ክፍት እንዲሆን የፈለግኩት እኔው ነኝ። ግን እንቅፋት ነበረው። እናቶቹ የፈረሙበት የፈቃድ ቅጽ «መረጃውን ከተመራማሪዎቹ በቀር ማንም አያየውም» ይላል። ቃል ነው። ስሞቹን አጥፍተን ለገምጋሚዎች ስንልክ እንኳ ይህን ማሰብ ነበረብን፣ አላሰብንም። ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ተመለስን፣ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል እናቶቹን በድጋሚ ጠየቅን፣ የተስማሙትን ብቻ አካተትን። አንዷ እናት ቡና እየቆላች «ለሌላ ልጅ ከጠቀመ ምን ገዶኝ፤ ስማችንን ብቻ አታውጡብን» አለችኝ።

ስምና ስልክ ማጥፋት ግን አይበቃም። በአንድ ቀበሌ ጳጉሜን 3 የተወለደች ሴት ልጅ ስንት ትኖራለች? ምናልባት አንድ። ስለዚህ የትውልድ ቀኑን ከፋይሉ ሰረዝነውና በምትኩ ልጁ በተከተበበት ዕለት የነበረውን ዕድሜ በቀን ቆጥረን አስገባን። ቀበሌዎቹንም በፊደል ተካናቸው።

ያስቀመጥነው ዜኖዶ በሚባል የምርምር ዳታ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ነው። የሚያስተዳድረው ሰርን ነው፣ የአውሮፓው የኒውክሌር ምርምር ተቋም። ነፃ ነው፣ ለአንድ የዳታ ስብስብ እስከ 50 ጊጋባይት ይቀበላል። የእኛ አንድ ሜጋባይት እንኳ አልሞላም። ቋሚ መለያ ቁጥር ስለሚሰጥ የተጠቀመበት ሰው እንደ ፔፐር ይጠቅሰዋል። «ይወስዱብናል» ላሉት ጓደኞቼ መልሱ ይሄ ነበር። እያንዳንዱ ዓምድ ምን ማለት እንደሆነ የሚገልጽ ገጽም አብሮ አለ።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ልበል። ብዙ አሳታሚዎች ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ጽሑፍ ጸሐፊው የሚከፍለውን የማሳተሚያ ክፍያ ያስቀራሉ። ግን ገና ጽሑፉን ስታስገቡ ጠይቁ። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ አይሰሙም።

ቀን መለወጫውን ኮድም አብሬ ለጠፍኩት። በቅርቡ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጻፈችልኝ። በራሷ ዳታ ላይ ብትሞክረው ሳይወለዱ የተከተቡ አምስት ሕፃናት አገኘች። ደንግጣለች።

«ወረቀቶቹ አሉሽ?» አልኳት።

«አሉኝ» አለች።