ለፋይናንስ ሙያ ኢኮኖሚክስን የመረጥሁበት መንገድ

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲጠናቀቅ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ፣ የትምህርት ክፍል ምርጫ የምናስገባበት ጊዜ ደረሰ። ፍላጎቴ ባንክ ውስጥ መሥራት ነበር፤ ይኸውም ገንዘብ ለማን፣ በምን ያህል ወለድና በምን ያህል ስጋት ይሰጥ የሚለው ጉዳይ በሚመረመርበት ክፍል። ተመሳሳይ ሐሳብ የነበራቸው አብዛኞቹ ጓደኞቼ አካውንቲንግና ፋይናንስን በአንደኛ ምርጫነት ሞሉ፤ ቤተሰቦቻቸውም ቶሎ ሥራ ያስገኛል ብለው ደገፏቸው። እኔ ኢኮኖሚክስን አስቀደምሁ። ዛሬ በአንድ ባንክ የብድር ትንተና ክፍል ተቀጥሬ ስለምሠራ፣ ያንን ውሳኔ እንዴት እንደ ወሰንሁና በኋላ ምን እንደ ጨመርሁበት ምርጫው ከፊታቸው ላለ ተማሪዎች መናገር ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ከሁሉ አስቀድሜ የሁለቱን ክፍሎች የኮርስ ዝርዝር ከነባር ተማሪዎች ተቀብዬ ጎን ለጎን አነበብሁ። በኢኮኖሚክሱ ዝርዝር ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ መለካትና መገመት) አንዱ በሌላው ላይ እየተደገፉ ይመጣሉ፤ ከእነርሱ ጋር ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ የገንዘብና የዓለም አቀፍ ንግድ ትምህርቶች አሉ። በሌላው ወገን የሂሳብ መግለጫ አዘገጃጀት፣ የወጪ ሂሳብ፣ ኦዲት፣ ታክስና የድርጅት ፋይናንስ ይገኛሉ። ሁለቱም ለባንክ ሥራ የሚጠቅሙ ናቸው። ስለዚህ «የትኛው ይጠቅማል?» የሚለውን ትቼ «ከእነዚህ ውስጥ ከተመረቅሁ በኋላ ብቻዬን ልማረው የማልችለው የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የሂሳብ መግለጫ ማንበብን አንድ ትጉ ሰው ከመጽሐፍና ከሥራ ባልደረቦቹ ይማረዋል። ካልኩለስንና ኢኮኖሜትሪክስን ግን ያለ መምህር፣ ያለ የቤት ሥራና ያለ ፈተና፣ ማታ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። ውሳኔዬን ያጸናው ይህ ነበር፤ ዛሬም ትክክለኛው መመዘኛ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካልኩለሱና ኢኮኖሜትሪክሱ ለፋይናንስ ምን ያደርጋሉ ለሚል አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ከዓመት በኋላ 100 ብር የሚከፍል የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥት ገንዘብ የሚበደርበት ወረቀት፣ አለ እንበል። ወለዱ 15 በመቶ ከሆነ የሰነዱ የዛሬ ዋጋ 100 ለ1.15 ተካፍሎ 86.96 ብር ይሆናል፤ ወለዱ ወደ 18 በመቶ ቢያድግ ዋጋው ወደ 84.75 ብር ይወርዳል። እዚህ ድረስ ማካፈል ብቻ ይበቃል። ሰነዱ በየዓመቱ ወለድ እየከፈለ ዐሥር ዓመት የሚቆይ ሲሆንና ወለዱ በትንሹ ሲነቃነቅ ዋጋው ምን ያህል እንደሚናጋ መገመት ሲያስፈልግ ግን የምንጠቀምበት መሣሪያ ዴሪቬቲቭ (አንዱ መጠን ሲለወጥ ሌላው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚለካው) ነው፤ ይህም በካልኩለስ ክፍል ለምን እንደምንማረው ሳይገባን የምንሸመድደው ነው። ወለዱ ለምን እንደሚያድግ የሚያስረዳው ማክሮ ኢኮኖሚክስ ሲሆን፣ ካለፈው መረጃ ተነሥቶ የለውጡን መጠን ለመገመት ደግሞ ኢኮኖሜትሪክስ ያስፈልጋል። ሦስቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገኘሁት በኢኮኖሚክስ ክፍል ነው።

ቅጹን ከመሙላቴ በፊት ሁለት ነገሮችን ጨምሬ አጣራሁ። አንደኛው በጋዜጣ የሚወጡ የባንክ የሥራ ማስታወቂያዎችን ማንበብ ነበር፤ ለጀማሪ የባንክ ሠራተኛ በሚወጡት ውስጥ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስና ማኔጅመንት አብዛኛውን ጊዜ አብረው ስለሚጠሩ፣ ኢኮኖሚክስ መምረጥ በሩን እንደማይዘጋብኝ ተረዳሁ። ሁለተኛው በብድር ሥራ ለረጅም ጊዜ የቆየውን አጎቴን መጠየቅ ነበር። ደንበኞቹ ብዙዎቹ ከፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚሰበስቡ ነጋዴዎች ናቸው። «የብድር ጥያቄ ሲመጣልኝ የሂሳብ መግለጫውን ከመክፈቴ በፊት በፎገራዋ ከተማ በወረታ የሩዝ ዋጋ እንዴት እንደ ዋለ እጠይቃለሁ» አለኝ። ሩዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ዋጋው ይወርዳል፤ ጎተራ ያለውና የሚታገሥ ነጋዴ እስከ ክረምት ይዞ ይሸጣል። እንዲህ ላለ ሰው በየወሩ እኩል የሚከፈል ብድር መስጠት፣ ነጋዴው አትራፊ ቢሆንም እንኳ፣ ክፍያው እንዲስተጓጎል መፍረድ ነው። ከአጎቴ ጋር ያደረግሁት ውይይት የመመረቂያ ጽሑፌንም ርእስ ሰጠኝ፤ የሩዝን ወርሃዊ ዋጋ ወስጄ የወቅቱን ተጽዕኖ በሪግሬሽን፣ ማለትም አንዱ ነገር በሌላው ላይ ያለውን ተጽዕኖ በሚለካ የስታቲስቲክስ ስልት፣ ለየሁ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ ፈታኞቹ ከማንኛውም ውጤቴ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ የጠየቁኝ ስለዚህ ጽሑፍ ነበር። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእሳችሁን ልትሠሩበት ከምትፈልጉት ሙያ አጠገብ፣ መረጃውም በእጃችሁ ሊገባ ከሚችል ስፍራ ፈልጉ እላለሁ፤ በጣና ዙሪያ ሩዝ፣ ዓሣ፣ ቱሪዝምና የከተማ ቤት ኪራይ ሁሉ ገና ብዙ ተመራማሪ የሚፈልጉ ናቸው።

ኢኮኖሚክስ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ተመራቂው ስለ ዋጋ ግሽበት ረጅም ማብራሪያ መስጠት እየቻለ፣ የአንድን ድርጅት ትርፍ ከገንዘብ ፍሰቱ መለየት ሊያቅተው ይችላል። አንድ ድርጅት በወረቀት ላይ አትርፎ ሳለ ገንዘቡ በዱቤ ሽያጭ ተይዞበት ደመወዝ መክፈል ሊያቅተው እንደሚችል የማያውቅ ሰው ደግሞ ብድር ሊተነትን አይችልም። ስለሆነም የሂሳብ አያያዝ ኮርሶችን ለክሬዲት ብቻ ብዬ አላለፍኋቸውም፤ የአካውንቲንግ ተማሪ ጓደኞቼን መጻሕፍት ተውሼ በዕረፍት ወራት አጠናሁ፤ ኤክሴልንም ስታታ ከተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር እኩል ተለማመድሁ። በሥራ ቦታ በየቀኑ የምከፍተው ኤክሴልን ነው።

ምርጫው ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አለው የምለው ዘርፉ ራሱ ስለ ተለወጠ ነው። የግል ባንኮች እንዲቋቋሙ አዋጅ ቁጥር 84/1986 ከፈቀደ በኋላ ለረጅም ዘመን የባንክ ሥራ ማለት በዋናነት ቁጠባ መሰብሰብና በዋስትና ማበደር ነበር። ከዚያ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጣ፤ ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ክረምት የፖሊሲ ወለዱን (ለሌሎች ወለዶች መነሻ የሚሆነውን የራሱን ወለድ) 15 በመቶ አድርጎ በወለድ ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ፖሊሲ ጀመረ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀመረ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ተበዳሪ ለዚያው መጠን ዕቃ የሚያስፈልገው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ይህ ለውጥ ተበዳሪውን እንዴት እንደሚነካው በቃለ መጠይቄ ላይም ተጠይቄ ነበር፤ መልሱ ያለው የምንዛሪን ለውጥ ከድርጅቱ የገንዘብ ፍሰት ጋር አገናኝቶ ማየት ከሚችል ሰው ዘንድ ነው።

ኦዲተር ወይም የታክስ ባለሙያ መሆን ለሚፈልግ ኢኮኖሚክስን አልመክርም፤ የሚሻለው ቀጥታው መንገድ አካውንቲንግ ነው። ሂሳብን (ማቲማቲክስን) ከልቡ ለሚሸሽም ኢኮኖሚክስን አልመክርም፤ ኢኮኖሜትሪክስን በጭንቅ ያለፈ ተመራቂ የክፍሉን ዋና ጥቅም ሳያገኝ ይወጣል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ያለውን ልዩነት በተመለከተ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ በአገር ደረጃ የተቀራረበ በመሆኑ፣ የኮርሶቹን ስም ብቻ ማነጻጸር ብዙ አያስተምርም። ነባር ተማሪዎችን ልትጠይቁ የሚገባው ኢኮኖሜትሪክስ በኮምፒዩተር ላብራቶሪ በእውነተኛ መረጃ ይሰጥ እንደሆነ፣ የጽሑፍ አማካሪዎች ከተማሪው ጋር በቂ ጊዜ ያሳልፉ እንደሆነ፣ የተግባር ልምምድ ቦታዎችም ባንክና ማይክሮፋይናንስን ያካትቱ እንደሆነ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለም፣ የቀደሙት ተመራቂዎች እንዴት እንደ ተዘጋጁ አብራችሁ ጠይቁ።

እኔ አሁን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት እያማረጥሁ ነው። የተለያዩ የማታና የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብሮችን የኮርስ ዝርዝር ሰብስቤ እንደ በፊቱ ጎን ለጎን ይዣለሁ፤ በዚህ ጊዜ የምፈልገው የሰነዶች ዋጋ አወሳሰንና የስጋት አስተዳደር ኮርሶችን ነው፤ ምክንያቱም በሥራዬ ላይ እስካሁን በራሴ ንባብ ልሞላው ያልቻልሁት ክፍተት እርሱ ነው።