ወደ እኛ ሲመጣ የሰጠመ መርከብ

በቀይ ባሕር ጠልቄ የሰጠመ መርከብ ማየቴን የሰማ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ሻርክ ነው። ጥያቄው አያስገርምም፤ በበሬሳ ወንዝ ዳር ላደገ ሰው ውኃ ማለት በበጋ ከጉልበት የማያልፍ፣ ሲነኩት አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ ያለው ነገር ሲሆን፣ ሻርክ ደግሞ በፊልም ብቻ የሚታወቅ አውሬ ነው። እኔ ግን ስለ ኡምብሪያ ሳወራ ሻርኩን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። ይህ የጣሊያን መርከብ እስከ ዛሬ በሆዱ ይዞት የተኛው ቦምብ የተጫነው በዋናነት ጣሊያን በወረራ ለያዘችው ለእኛው አገርና ለአካባቢው ጦር ነበርና፣ ለሸዋ ሰው ከዓሣው ይልቅ ጭነቱ ይቀርበዋል።

በሱዳን ተቀጥሬ በምሠራበት ጊዜ ፖርት ሱዳን ለስኩባ ጠላቂዎች፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ለሚጠልቁ፣ ከዓለም ምርጥ ከሚባሉት ቦታዎች አንዷ መሆኗን የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ዋና የተማርኩት ካደግኩ በኋላ ስለሆነ ለመጥለቅ የሚያበቃኝን ፈቃድ እስካገኝ ድረስ ብዙ ታግሼአለሁ፤ ስለ ሥልጠናው ግን ሌሎች በደንብ ስለጻፉ አላሰለችም።

ኡምብሪያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በጀርመን አገር በሃምቡርግ የተሠራ፣ በመጀመሪያ ስሙ ባሂያ ብላንካ ይባል የነበረ፣ ወደ 150 ሜትር የሚረዝም የጭነትና የመንገደኛ መርከብ ነው። ኋላ በጣሊያኖች እጅ ገብቶ ስሙ ተቀየረ። በ1932 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ቦምብ፣ ሲሚንቶና ልዩ ልዩ ዕቃ ጭኖ በስዊዝ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ሲወርድ ጣሊያን ገና ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት አልጀመረችም ነበር። እንግሊዞች ጦርነቱ የማይቀር መሆኑን ስለጠረጠሩ፣ ለፍተሻ ነው በሚል ምክንያት ከፖርት ሱዳን ፊት ለፊት በሚገኘው ዊንጌት ሪፍ (ሪፍ ማለት ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ዓለት ነው) አጠገብ አቆሙትና ወታደሮቻቸውን አሳፈሩበት። (ዊንጌት የሚለው ስም በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት በኩል ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም።)

ካፒቴኑ ሎሬንዞ ሙዬሳን ይባላል። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. አገሩ ወደ ጦርነቱ መግባቷን በክፍሉ ካለው ሬዲዮ ሲሰማ፣ እንግሊዞቹ ገና ወሬው አልደረሳቸውም። ነፍስ አድን ጀልባዎችን የማውረድ ልምምድ ላደርግ ነው ብሎ አሳመናቸውና ሠራተኞቹ በሥርዓት ወደ ጀልባ ሲወርዱ፣ እሱ ያዘዛቸው ሰዎች ደግሞ ከታች ሆነው ባሕሩን ወደ መርከቡ ለቀቁት። ለእንግሊዞቹ ነገሩ የገባቸው መርከቡ መዝመም ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ሰውየው ይህን ያደረገው ጭነቱ በጠላቱ እጅ እንዳይወድቅ ነው። እርግጥ ባያሰጥመውም እንግሊዞች ይወርሱት ነበር እንጂ ሊሄድበት ወደነበረው ምጽዋ አይደርስም ነበር፤ ቢሆንም ያን ሁሉ ቦምብ ለማንም እንዳይሆን አድርጎ ከባሕር ታች ያስቀመጠው እሱ ስለሆነ፣ ሳያስበው ለእኛም ውለታ የዋለ ይመስለኛል።

የቦምቡ ብዛት ወደ 360,000 እንደሚደርስ ይነገራል፤ ትንንሾቹ 15 ኪሎ ገደማ፣ ትልልቆቹ እስከ 100 ኪሎ የሚመዝኑ የአውሮፕላን ቦምቦች ናቸው። ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ኦስትሪያዊው ጠላቂ ሃንስ ሃስ ወደዚያ ሲወርድ፣ መርከቡ ቢፈነዳ የከተማዋን ትልቅ ክፍል ይዞ ይሄዳል የሚል ፍርሃት በፖርት ሱዳን ነበር። እስከ ዛሬ አልፈነዳም፤ ቦምቡንም ያወጣው የለም።

መርከቡ በግራ ጎኑ ተጋድሞ ነው ያለው። ጥልቁ ወገኑ ከ35 ሜትር ትንሽ ሲያልፍ፣ ጀልባ ይንጠለጠልባቸው የነበሩት ብረቶች ግን የባሕሩን ገጽ ሊነኩ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ጠላቂው ገና ከጀልባው ዘሎ ራሱን ውኃ ውስጥ ሲያስገባ ከሥሩ የመርከቡን ጎን ያያል። ውጪው በሙሉ ኮራል ለብሷል፣ በላዩም ብርቱካናማና ቢጫ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። ወደ ጭነት ክፍሉ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ቀለም በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ አብዛኛው የሪፍ ኮራል ብርሃን በሌለበት አያድግምና። መብራቴን ወደ ውስጥ ሳዞር ቦምቦቹ በክንፎቻቸው አንድ ወገን ይዘው፣ በእንጨት እየተለዩ፣ መርከቡ በጎኑ ስለተኛ በጎናቸው እንደተደረደሩ አየኋቸው። በላያቸው የሰፈረው ደቃቅ ደለል የወፍጮ ቤት ብናኝ ይመስላል፤ እግር አንድ ጊዜ በግዴለሽነት ከተወራጨ ተነሥቶ ከፊት ያለውን ሰው እንኳ ይጋርዳል። አስጎብኚያችን ሁለት ጣቶቹን ወደ ዓይኑ፣ ከዚያም መዳፉን ወደ ደረቱ መልሶ አሳየን፤ ማየት ይፈቀዳል፣ መንካት አይፈቀድም ማለቱ ነው። በሌላው ክፍል ፊያት 1100 መኪኖች እርስ በርስ ተደጋግፈው ዘመዋል። ዝገት ቢበላቸውም የፊታቸው ፍርግርግ ይለያል፤ ለማን ሹም መንጃ ተልከው ይሆን እያልኩ ከሚገባው በላይ ቆየሁባቸው።

ይህን ሁሉ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ለሚኖሩት ለእናቴ አጎት ሳጫውታቸው፣ ባሕሩንም ዓሣውንም ዝም ብለው አዳመጡኝና ቦምቡ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ወዴት ነበር የሚሄደው አልከኝ?»

«ወደ ምጽዋ ነው አባባ።»

«ለእኛ ነዋ!» አሉ። ቀጠሉና «ማን አሰጠመው?» ሲሉኝ የገዛ ካፒቴኑ መሆኑን ነገርኳቸው። «ወይ ጉድ! የሰው እጅ ሳይነካው!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሳቃቸው ምክንያት አለው። መርከቡ ከመስጠሙ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር በመንዝ ዘረት በሚባለው ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ ፈጅቷል። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎቹ የሸዋ አርበኞች እስከ ነጻነቱ ድረስ በዱር በገደሉ ሲዋጉ፣ ከሰማይ የሚወርድባቸው እንዲህ ያለው በመርከብ የሚመጣ ቦምብ ነበር። የእናቴ አጎት በሕፃንነታቸው የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ከብቱን ትተው ወደ ገደል ሥር መሮጣቸውን ከዚያ በፊት ነግረውኛል።

አሁን ወደ ሻርኩ። በኡምብሪያ ራሱ ላይ ሻርክ እምብዛም አይገኝም፤ ከወደቡ ሰሜን ምሥራቅ ወጣ ብሎ ባለው ሳንጋኔብ ግን ሻርክ የቦታው ባለቤት ነው። ሳንጋኔብ ከጥልቅ ባሕር ቀጥ ብሎ የሚነሣ፣ በላዩ የመብራት ማማ የቆመበት የኮራል ሪፍ ሲሆን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ከዱንጎናብ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በደቡቡ ጫፍ ሜዳ በሚመስለው ቦታ ላይ ተንበርክከን ስንጠብቅ ራሳቸው መዶሻ የሚመስል ሻርኮች ከሰማያዊው ወጥተው በቡድን አለፉ። አንዲቱ ወደ እኔ ዘወር ስትል በጎን በኩል ያለው ዓይኗ ሲንከባለል፣ ከራሷም ሥር ነጠብጣብ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ሲታዩ አስተውያለሁ። እነዚያ ቀዳዳዎች የሌላ እንስሳ ጡንቻና ልብ የሚያወጣውን እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ የምትለይባቸው ናቸው፤ ይህ ግን የሚሠራው በጣም ቅርብ በሆነ ርቀት ብቻ ነው። ልቤ አልመታም ብል ውሸት ነው። ነገር ግን የሲሊንደሬ አረፋ ጉር ሲል ደንብራ የሄደችው እሷ ናት። በዓለም ሁሉ ሻርክ የሚገድለው ሰው በአማካይ በዓመት ከ10 ያነሰ ሲሆን፣ ሰው ደግሞ ለክንፉና ለሥጋው ሲል በየዓመቱ ሻርክን በአሥር ሚሊዮኖች ይጨርሳል፤ ይህ ባለመዶሻ ራስ ዝርያም ሊጠፉ በቋፍ ላይ ካሉት አንዱ ነው።

በእኔ ግምት ጠላቂ ሊፈራው የሚገባው የሚተነፍሰውን አየር ነው። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ስለሚጨምር፣ በ30 ሜትር ላይ ሰው ከላይ ከሚተነፍሰው አራት እጥፍ አየር ይጨርሳል። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር (አንድ ባር የአንድ ከባቢ አየር ግፊት ያህል ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ነው፤ ከላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚበቃው ሰው በዚያ ጥልቀት 80 ሊትር ስለሚፈልግ፣ ለመጠባበቂያ የሚተወውን ሳንቀንስ እንኳ ግማሽ ሰዓት ቢያስኬደው ነው። ይህን ሒሳብ የመኪና ክፍል ውስጥ ሆኖ የረሳ ሰው ሻርክ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ናይትሮጅን ነው፤ ለደጋ ሰው ደግሞ ይህኛው ይብሳል። በግፊት ወደ ደም የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ካልወጣ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲብስም ያሽመደምዳል። ለዚህ ነው ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላው በአውሮፕላን እንዳይሳፈር የሚመከረው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢቀንስ ቢቀንስ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው፤ ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የእኛ ሰው ቤቱ ሲገባ ከአውሮፕላኑ ውስጥ ይልቅ ከፍ ብሎ ነው ቡና የሚጠጣው ማለት ነው። እኔ ካርቱም ላይ ጥቂት ቀናት ሳልቆይ አዲስ አበባን አላስብም ነበር፤ ቸኩለህ ና የሚሉኝ ዘመዶቼ ምክንያቱን ስነግራቸው ሰበብ ይመስላቸዋል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ወደ ኡምብሪያ ሂዱ ብዬ የምመክርበት ጊዜ አይደለም። መጥለቅ የሚፈልግ ቀረቤታው ጅቡቲ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የተባለው፣ ከዓሦች ሁሉ ትልቁ፣ ደቃቅ የባሕር ነፍሳትን አጣርቶ የሚበላው ዓሣ ይመጣል። እሱን ለማየት ማስክና መተንፈሻ ቱቦ ስለሚበቃ የናይትሮጅን ጉዳይ የለበትም። በሲሊንደር የጠለቀና በሚሌና በኮምቦልቻ በኩል በመኪና የሚመለስ ሰው ግን ከመነሣቱ በፊት በጅቡቲ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ከባሕር ርቆ ይዋል፤ መንገድ ላይም የሚያድርበትን ሲመርጥ 1,300 ሜትር እንኳ የማይሞላውን ሸዋ ሮቢትን ያስብ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን በማግሥቱ ቢወጣ ይሻለዋል።