ፓይተን ግዕዝ ቁጥር እንዲያነብ ያቀረብኩት ሐሳብ እንዴት እንደወደቀ

ነገሩ የተጀመረው ከእድር መዝገብ ነው።

የእናቴ እድር ድሬዳዋ ለገሃሬ አካባቢ ነው፤ ዕድሜ ጠገብ ነው። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ የምድር ባቡር ሠራተኞች ነበሩ። የድሮዎቹ መዝገቦች በቀለም የተጻፉ፣ ጠርዛቸውን ምስጥ የቀመሳቸው ትልልቅ ደብተሮች ናቸው። ባለፈው ዓመት ጸሐፊው ጠራኝና «አንተ ኮምፒውተር ትነካካለህ አይደል? ይሄን ሳይበላሽ አስገባልን» አለኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም። ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰውዬ እኔም አንተ ነው የምለው፤ ከፍቶትም አያውቅም።

የያኔው ጸሐፊ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ቁጥሩን ሁሉ በግዕዝ ነው የጻፈው። የአባል ቁጥር ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ ይወርዳል። ዓመቱ ፲፱፻፶፰ ነው። መዋጮው ፩ ብር ነው። እህቴ እንዳለ ተየበችልኝ። ቀሪው ሥራ ቀላል መሰለኝ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አንዲት ፕሮግራም ጽፌ ቁጥሮቹን ወደ ተራ ቁጥር መቀየር፣ በቃ።

ፕሮግራሙን ሳስነሳው የመጀመሪያው አባል ላይ ወደቀ። ቫልዩ ኤረር፤ «የሰጠኸኝ ዋጋ ልክ አይደለም» እንደማለት ነው።

ግራ የገባኝ ለምን እንደወደቀ ነው። ኢንት በሚባለው ፈንክሽን (ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይር ትእዛዝ ነው) ከመቀየሬ በፊት ጥንቃቄ አድርጌ ነበር። «ይሄ ጽሑፍ ቁጥር ነው?» ብዬ ኢዝዲጂት በሚባለው አስጠይቄያለሁ። «አዎ፣ ቁጥር ነው» ብሎኛል። ከዚያ ያንኑ ለኢንት ስሰጠው «ይሄማ ቁጥር አይደለም» አለኝ። አንዱ ቤት አዎ ያሉህን ጎረቤቱ ሲክደው እንደማለት ነው። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት አባላት ፕሮግራሙን ይጥሉታል። ከ፲ ጀምሮ ያሉት ደግሞ ኢዝዲጂት ራሱ ስለማይቀበላቸው ድምፅ ሳያሰሙ ይዘለላሉ። ዘጠኙን በሌላ ዘዴ አልፌ ብሄድ ኖሮ ግማሽ እድር ጠፍቶብኝ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ታይዋን ገበያ ጓደኛዬ ሱቅ ሻሂ እየጠጣን አወራሁት። እሱ ሞባይል ይጠግናል፤ ፓይተንም ይሞካክራል። የአያቱ የንግድ ደብተር በዐረብኛ ቁጥር የተጻፈ ነው። «እስቲ የኛን» አለና ላፕቶፑ ላይ ١٥ ብሎ ጽፎ ለኢንት ሰጠው። ፓይተን ምንም ሳያንገራግር 15 አለ።

«አቦ ወላሂ፣ የናንተን ረስተውታል!» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። የራሱ ፊደል፣ የራሱ ቁጥር ያለው ሕዝብ እንዴት ይረሳል? ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ ቋንቋው እንዲለወጥ ሐሳብ ጻፍኩ። አብዛኛው ጥፋቴ የተሠራው እዚያው ሌሊት ላይ ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ፓይተን ባለቤት የለሽ አይደለም፤ ግን የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም። ኮዱ ክፍት ነው። ለውጥ የፈለገ ሰው ሐሳቡን ያቀርባል፣ ሰዎች ይከራከሩበታል። ከበድ ያለ ለውጥ ከሆነ ፔፕ የሚባል ሰነድ ይጻፍለታል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። እንደ እኔ ከዋና አልሚዎቹ ያልሆነ ሰው ፔፕ እንዲያቀርብ ደግሞ ከእነሱ አንዱ ስፖንሰር ሊሆነው ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐሳብህን ለውይይት ታወጣለህ፤ ደጋፊ ካገኘህ ትቀጥላለህ። እኔ የጻፍኩት ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚቀርበውን ነው።

ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። አንዱ ገጽ ተኩል ታሪክ ነበር። ስለ አክሱም፣ ስለ ብራና፣ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ ስለመግባቱ። ችግሩን የነካሁት መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ነው። የእድሩን መዝገብ ጭራሽ አላነሳሁም። ተራ ነገር ስለመሰለኝ አፈርኩበት።

የመጀመሪያው መልስ አጭር ነበር። ትሕትና አልጎደለውም። «ምን ልትሠራ ስትል ነው ያስቸገረህ?» የሚል ነው።

ሁለተኛው አናደደኝ። «ፔፕ 313ን አይተኸዋል?» ይላል። ከፍቼ አየሁት። ፓይተን የሮማውያንን ቁጥር እንዲቀበል የሚጠይቅ ነው። የቀረበበት ቀን ኤፕሪል 1፣ 2003 ነው። ፈረንጆቹ የሚቀላለዱበት ቀን! ውድቅ ተደርጓል። እኔ በቁም ነገር ያመጣሁትን ከቀልድ ጋር አነጻጸሩብኝ ብዬ አንድ ትልቅ ምላሽ ጻፍኩ። ደግነቱ መብራት ሄደ። ሲመጣ ነግቶ ነበር። በብርሃን ሳነበው በራሴ አፈርኩ፣ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ለክርክር ማታ ማታ መልስ አልጽፍም።

የሰውዬው ነጥብ ስድብ አልነበረም። የሮማውያን ቁጥርና የግዕዝ ቁጥር አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም ዜሮ የላቸውም። ዐረብኛው ١٥ የሚነበበው ቦታ እየቆጠሩ ነው። መጀመሪያ ያለው ١ አሥር የሆነው አሥር ቤት ስለተቀመጠ ነው። የእኛ ፲ ግን የትም ብታስቀምጠው አሥር ነው። ዩኒኮድም ይህን ያውቃል። የዐረብኛዎቹን ዴሲማል፣ ማለትም በቦታ እየተቆጠሩ የሚነበቡ አኃዞች ብሎ ሲመድባቸው የግዕዞቹን «ሌላ ቁጥር» በሚል ክፍል አስቀምጧቸዋል። ኢንት የሚቀበለው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። የቻይናውን 十五 ብትሰጠው ራሱ አይቀበልህም። ቻይና ተረስታ ነው ልትል አትችልም መቼም።

ይባስ ብሎ የኢዝዲጂት ሰነድ ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። በቦታ የሚቆጠር ቁጥር ሊሠራባቸው የማይችል አኃዞችንም እንደሚያካትት ጽፎ፣ ምሳሌውን ከካሮሽቲ ቁጥሮች ይወስዳል። ካሮሽቲ ድሮ በሕንድ ክፍለ አህጉር ሰሜን ምዕራብ በኩል ይጻፍበት የነበረ፣ ዛሬ የሞተ ፊደል ነው። እኔ መጠቀም የነበረብኝ በቦታ የሚቆጠሩትን ብቻ የሚቀበለውን ኢዝዴሲማልን ነው። አምስት ዓመት በፓይተን ስሠራ ያቺን አንቀጽ አንብቤ አላውቅም።

እዚህ ላይ ትቼው መውጣት እችል ነበር። ግን እልህ ያዘኝ። ያልተለመደ ይሁን እንጂ አይቻልም ማለት አይደለም ብዬ ቁጥሩ የሚነበብበትን ሕግ ጻፍኩ። አንድ ተሳታፊ ከዚያ በኋላ ያወረደብኝን ጥያቄ እስካሁን አስታውሳለሁ። ፲፲ ሃያ ነው ወይስ ስህተት? ፻፻ ምንድነው? አንድ ሰው ግማሹን በግዕዝ፣ ግማሹን በተራ ቁጥር ፲5 ብሎ ቢጽፍስ? ኢንት ዛሬ የተለያዩ ፊደላትን አኃዞች ቀላቅለህ ብትሰጠው ይቀበላል፤ ስለዚህ ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ደግሞስ ዛሬ ኢንት ስህተት ብሎ እንደሚመልስ ተማምኖ የተጻፈ ስንት ፕሮግራም አለ? ነገ በድንገት መቀበል ቢጀምር እነዚያ ምን ይሆናሉ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ለምን እንደምታስፈራቸው የገባኝ የድሮ ክርክሮችን ሳነብ ነው። ብዙ አሮጌ ፕሮግራሞች ሳይስተካከሉ የማይሠሩበት ፓይተን 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ነው። አሮጌው ፓይተን 2 ድጋፉ የተቋረጠው ጃንዋሪ 1፣ 2020 ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሁለት ቤት ኪራይ ሲከፍል እንደመኖር ነው። ያን ያየ ሰው «ትንሽ ለውጥ ናት» ብትለው አያምንህም፤ አይፈረድበትም።

የዋልረሷንም አነበብኩ። := የምትለው ምልክት ናት፤ ዋልረስ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ዓይንና ጥርስ ትመስላለች ብለው ነው። ለተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ውስጥ ዋጋ ለሚያዝበት ስም) ዋጋ እየሰጠህ እዚያው እንድትጠቀምበት ታደርጋለች። በፔፕ 572 የቀረበች ነች። ክርክሩ ግን ቤት የሚያፈርስ ነበር። ፔፑ ካለፈ በኋላ የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 የመጨረሻ ወሳኝነቱን ለቀቀ። ዛሬ የሚወስነው አምስት አባላት ያሉት የተመረጠ ምክር ቤት ነው። በሁለት ነጥብና በእኩል ምልክት የተነሳ! የእኛ እድር እንኳ የመዋጮ ጭማሪ ሲነሳ ሰው ይጮሃል እንጂ ሊቀመንበር ለቆ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሐሳቤን እንደገና ጻፍኩት። በዚህኛው አክሱም የለም። ከላይ የእድሩ መዝገብ ነው፦ ይህን ያህል ገጽ አለኝ፣ ቁጥሩ እንዲህ ነው፣ ኢዝዲጂት አዎ ያለውን ኢንት አልቀበልም አለኝ። ንግግሩ ወዲያው ተለወጠ። ቀድሞ «ለምን?» ሲሉኝ የነበሩት «ታዲያ እንዴት እናድርግልህ?» ማለት ጀመሩ። አንዱ ዩኒኮድዴታ የሚባለውን ሞጁል፣ ከፓይተን ጋር የሚመጣ የኮድ ክፍል፣ አሳየኝ። ፲ ስንት ነው ብትለው 10.0 ብሎ ይመልሳል። የእያንዳንዱ ምልክት ዋጋ ዱሮውኑ ፓይተን ውስጥ አለ። የጎደለው ማገጣጠሙ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ የድረ ገጽ ማስዋቢያው ሲኤስኤስ ዝርዝርን በግዕዝ ቁጥር መደርደር እንደሚችል ነገረኝ። ተረስተናል ያልኩት እኔ አላውቅም ነበር።

ኢንትን ስለመለወጥ ግን መልሱ ያው ነው፤ አይሆንም። ለዚህ የሚበቃው አንድ ትንሽ ላይብረሪ፣ ማለትም የፈለገ ሰው ወስዶ የሚጠቀምበት ለብቻው የተጻፈ ኮድ ነው አሉኝ። ስፖንሰር አላገኘሁም፣ የፔፕ ቁጥርም አልተሰጠኝም።

ላይብረሪውን ጻፍኩት። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ዝም ብዬ ደመርኩ። ፲፱፻፶፰ ስሰጠው 177 አለኝ። አሥር፣ ዘጠኝ፣ መቶ፣ ሃምሳ፣ ስምንት ደምሮ! እድሩን ከአክሱም መንግሥት ዘመን ጋር አቆራኘልኝ። ፻ የሚደመር ሳይሆን ከፊቱ ያለውን የሚያበዛ ነው። ፲፱ ጊዜ ፻፣ ከዚያ ፶፰። ከፊቱ ምንም ከሌለ ደግሞ ፩ እንዳለ ይቆጠራል። ፼ም እንደዚሁ ነው፤ እሱ አሥር ሺህ ነው። ይህ ሲገባኝ ኮዱ ሠላሳ መስመር አልሞላም። በጥያቄ ያዋከበኝ ሰውዬ ሦስት መፈተኛ ላከልኝ፤ በሁለቱ ወደቅሁ። አንዷ ያቺው ፻፻ ነበረች። አሁን ስህተት ብላ ትመልሳለች።

አንድ ነገር ግን ፓይተንን አመሰገንኩት። ከፓይተን 3 ጀምሮ የተለዋዋጭ ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል። ዋጋ፩ = 5 ብትለው ይሠራል። ዋጋ፲ ካልከው ግን አይቀበልም፤ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት ስም ውስጥ እንዲገቡ ተፈቅዶላቸዋል፣ ፲ አልተፈቀደለትም። እኔና ጓደኛዬ በአማርኛ ስም ኮድ ለመጻፍ ሞክረን ነበር። እኔ ሠላም ብዬ የሰየምኩትን እሱ ሰላም ብሎ ሲጠራው ፕሮግራሙ «እንዲህ የሚባል የለም» አለው። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። የትኛው ሰ ይሁን የሚለውን ለማንም ምክር ቤት አናቀርብም፤ ገና እኛው አልተስማማንም።

መዝገቡን አትሜ ለጸሐፊው ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ከደብተሩ ጋር አስተያየ። ሁለት ቦታ ላይ ስህተት አገኘ፤ እህቴ ፮ን ፯ ብላዋለች። ከዚያ «ሰዎቹ ምን አሉህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገሩን ቀደም ብዬ አጫውቼው ነበር።

«አይሆንም አሉ።»

«በስንት ድምፅ?»

«ድምፅ አልተሰጠም። ተወያዩና ተዉት።»

«ድምፅ ሳይሰጥ?» አለና ደብተሩን ዘጋ። አልጣመውም። ትንሽ ቆይቶ የዘንድሮውን መዝገብ ከመሳቢያ አወጣ። በጣቱ እየተከተለ ወረደና የእናቴ ስም ላይ ቆመ።

«ለማንኛውም፣ የሰኔን አልከፈላችሁም።»