ቀይ እስክሪብቶ የዘለለው መስመር

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በቋንቋ አርታኢነት እሠራለሁ። በየዓመቱ ምረቃ ሲቃረብ የተመራቂዎች ኮሚቴ የመጽሔቱን ረቂቅ በፍላሽ ይዞ ይመጣል። የኅትመቱን ወጪ ተማሪዎቹ አዋጥተው ይሸፍናሉ፤ ሽፋኑ ላይ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ስላለ ግን የእኛ ማኅተም ሳያርፍበት ማተሚያ ቤት አይገባም። ከእያንዳንዱ ተመራቂ ፎቶ ሥር ሁለት መስመር የማትሞላ ቦታ አለች። ተማሪዎቹ «ላስት ወርድ» ይሏታል። አብዛኛው ፈጣሪውን፣ እናቱንና የዶርም ጓደኞቹን ያመሰግንባታል። ጥቂቱ በሆዱ የያዘውን ይተነፍስባታል።

አንድ ዓመት ረቂቁ ከኃላፊያችን ቢሮ ሲመለስ እዚህም እዚያም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ነበር። ከተሰረዙት አንዱ የአንዲት የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂ ነው፤ «አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን እየተሸከምኩ ምሕንድስና ተማርኩ» ይላል። ሌላው በካፌው ሽሮ ቅጥነት ያማርራል። ሌላዋ ተማሪ ደግሞ አንድን መምህር በስሙ ጠርታ፣ ለውጤት ሲል ምን እንደጠየቃት ጽፋለች።

የደነገጥኩት ግን ያልተሰረዘውን ሳይ ነው። ከአንድ አካባቢ የመጡ ሰዎችን የሚያንኳስስ፣ በቀልድ የተለበጠ ዓረፍተ ነገር ቀዩ ቀለም ሳይነካው አልፏል። እዚህ አልደግመውም።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም። ረቂቁን ሲያነቡ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ስለነበር ነው፤ ግቢውን የሚያሳጣ አለ ወይስ የለም። «የክብር እንግዳው በምረቃው ዕለት ገልጠው ቢያነቡት ምን እንላለን?» አሉኝ።

«ውኃ የለም ያለችው እኮ እውነት ነው» አልኳቸው።

«እውነትነቱን መች ካድኩ፤ እዚህ ላይ መጻፉ ነው።»

ሕገ መንግሥቱን ከመደርደሪያ አውርጄ አንቀጽ 29ን አነበብኩላቸው። ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት በሐሳቡ ይዘት ወይም ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ሊገደብ እንደማይገባ ይናገራል። ገደብ የሚጣለው በሕግ ነው፤ የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ። የጦርነት ቅስቀሳና ሰብዓዊ ክብርን ለመንካት የሚነገር የአደባባይ ንግግር ደግሞ በሕግ ይከለከላል። ደጋግሜ አየሁት፤ የመሥሪያ ቤት ገጽታ የሚባል ነገር የለበትም። የጀሪካኑ መስመር ከነዚህ አንዱንም አይነካም። የዚያ ልጅ ቀልድ ግን ሰብዓዊ ክብር ከሚለው ቃል አጠገብ ነው የቆመው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ልጁ በዚህ አዋጅ ይጠየቅ አላልኩም፤ አሁንም አልልም። ሆን ብሎ ጥላቻ መስበክና አፍ ያመጣውን መወርወር ይለያያል። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነስቶ የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፣ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ይህን ያየ የግቢ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ቀልድ ስቆ ሊያልፈው አይችልም።

ኃላፊያችን «ታዲያ ሁሉንም ብንሰርዝ አይሻልም?» አሉ። እንዲህ የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ እኔ የምፈራው ይኸኛውን ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳችን መስታወትና ቁልፍ አለው፤ ያለ ማኅተም ምንም አይለጠፍበትም። የዶርም ሽንት ቤት በሮች ግን ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ ተሞልተዋል። ከብሔር ስድቡ መካከል «ውኃ መቼ ነው የሚመጣው?» የሚልም አንብቤያለሁ። ጥያቄውና ስድቡ አንድ በር ላይ የተገናኙት ሌላ ቦታ ስላጡ ነው። በቴሌግራም ስም የለሽ ቻናሎችም ያው ነው። ላስት ወርድ ግን ስም፣ ፎቶና የትምህርት ክፍል አለው፤ የጻፈው ሰው ይታወቃል፣ ይጠየቃል። በሚያዝያ 1993 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲነሱ ካነሷቸው ጥያቄዎች ውስጥ ነፃ ማኅበር፣ የራሳቸው ጋዜጣና የፖሊስ ከግቢ መውጣት ነበሩበት። ነገሩ ወደ ከተማው ወጥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ጋዜጣ ለጠየቀ ተማሪ ጋዜጣውን መፍቀድ ከዚያ ሁሉ ይቀል ነበር።

ልጆቹን ራሴ ላናግራቸው ብዬ አስፈቀድኩ።

ቀልደኛው «ጋሼ፣ ቀልድ እኮ ነው፤ ሁሉም ያውቀኛል» አለኝ። የገጹን አቀማመጥ በኮምፒዩተሬ ላይ ከፈትኩለት። ፎቶዎቹ በስም ቅደም ተከተል አራት አራት ሆነው ተደርድረዋል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ልጅ ከዚያው አካባቢ የመጣ ነው። አንድ የትምህርት ክፍል ናቸው፣ መመረቂያ ጽሑፋቸውንም በአንድ ቡድን ነው የሠሩት። «ይህን መጽሔት እናቱ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወጣዋለች» አልኩት። ስክሪኑን ብዙ ጊዜ ሲያየው ቆየና «ወረቀት ይኖርዎታል?» አለኝ። አዲሱን እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈ።

የጀሪካኗን ልጅ «ትንሽ ታለሳልሺው?» ብዬ እንድጠይቃት ታዝዤ ነበር፤ ጠየቅኳት። «የተሸከምኩት እኔ፣ ስሙ የእኔ፣ ፎቶው የእኔ። ምኑን ላለስልሰው?» አለች። ይህንኑ ለኃላፊያችን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና መስመሩ እንዲመለስ ፈቀዱ። ሽሮውም አብሮ ተመለሰ። በምረቃው ዕለት የክብር እንግዳው መጽሔቱን ተቀብለው ለረዳታቸው ሰጡ።

ሦስተኛዋ ናት እስካሁን የምታሳስበኝ። የጻፈችው እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ አምኛታለሁ። ግን መምህሩ ቃሉን ያልሰጠበት ክስ በዩኒቨርሲቲው ማኅተም ታትሞ ሊወጣ አይገባም። የሰው መልካም ስም የሚለው ገደብ የተቀመጠው በትክክል ለዚህ ነው። ቢሆንም እሷን «አይታተምም» ብሎ ማሰናበት የግቢውን በር ሁሉ ፊቷ ላይ መዝጋት ነው። አብሬያት ወደ ሥርዓተ ጾታ ቢሮ ሄድኩ። አቤቱታዋ በመዝገብ ሰፍሮ ቁጥር እስኪሰጣት ከበሩ ውጭ ጠበቅኳት። ስትወጣ «እስከ ምረቃ መልስ ይሰጡኛል?» አለችኝ። አልሰጧትም። መምህሩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ የቀረበው እሷ ተመርቃ ከሄደች በኋላ ነው። ከፎቶዋ ሥር የወጣው «እናቴ፣ ደረስኩልሽ» የሚል ነበር።

በቀጣዩ ዓመት አንድ ገጽ መመሪያ አርቅቄ አቀረብኩ። የሚሰረዝ ነገር ካለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽ፣ ተማሪው ተጠርቶ ራሱ ያስተካክል፣ በአገልግሎት ጉድለት ማማረር ለመሰረዝ ምክንያት አይሁን ይላል። እነዚህ ጸድቀው እየሠራንባቸው ነው። የመጨረሻው ነጥብ ግን በማኔጅመንት አልጸደቀም፤ በሠራተኛ ላይ አቤቱታ ያዘለ መስመር ከተሰረዘ፣ ዩኒቨርሲቲው መጽሔቱ ከመታተሙ በፊት አቤቱታውን ሰምቶ ለተማሪዋ መልስ ይስጥ የሚለው። «የኅትመት ቀን ከዲሲፕሊን ሥራ ጋር አይያያዝም» ተብሎ ተመለሰልኝ። እኔ ይያያዛል ባይ ነኝ፤ ዘንድሮም ያንኑ ነጥብ ሳልቀንስ መልሼ አስገብቼዋለሁ።